ከገጹ ግርጌ የቀረችው መስመር

የዱቄት ወተት ሽታ የሚተወኝ ቀን ይመጣል ብዬ ስጠብቅ አረጀሁ። ገዳሪፍ የምኖርባት ክፍል ከአንድ የወሎ ሰው ሱቅ ጀርባ ናት። ባለሱቁ ሐጂ ማክሰኞ ማክሰኞ ከረጢት ከፍቶ ወተቱን በትንንሽ ፌስታል እየመዘነ ያስራል፤ ያን ቀን መስኮቴን ዘግቼ እውላለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ግን መብራት ጠፋና ማራገቢያው ቆመ፤ የገዳሪፍ ሙቀት ደግሞ ማንንም አያስቀምጥም፣ ከፈትሁት። ሽታው ገባ። እኔም በዚያች ሰዓት በላፕቶፑ የቀረች ባትሪ የእህቴን ልጅ የስንቅነሽን መመሪያ እያረምሁ ነበር። ስንቅነሽ ካምፓላ ነው የምትኖረው፤ ፕሮግራም ትጽፋለች። ከጓደኞቿ ጋር አንድ ላይብረሪ ሠርታለች። ላይብረሪ ስላችሁ መጻሕፍት የተደረደሩበት ቤት እንዳይመስላችሁ፤ አንዱ የለፋበትን ሌላው እንደ አዲስ እንዳይለፋበት ተዘጋጅቶ የሚቀመጥ የኮድ ጥቅል ነው። የእሷ ጥቅል የኛን የዘመን አቆጣጠር ያሰላል፤ በዓላቱንና አጽዋማቱን ያወጣል፤ ቀን ስትሰጡት ጾም ነው ወይም አይደለም ብሎ ይመልሳል። እንዴት እንደሚሠራበት የሚያስረዳ መመሪያ በአማርኛ ተጽፎለታል፤ የኔ ሥራ የመመሪያውን ስህተት መልቀም ነው።

ሥራ ልበለው እንጂ ያዘዘኝም የሚከፍለኝም የለም። አንድ ቦታ ታኅሣሥ መሆን የነበረበት ጥር ሆኖ አገኛለሁ፤ ሌላ ቦታ ምሳሌው ውስጥ ቅንፍ ተከፍቶ ሳይዘጋ ቀርቷል፤ ሌላ ቦታ ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ዓመት የአንድ ቀን ሽግሽግ ተረስቷል። ምሳሌዎቹን አንድ በአንድ እየገለበጥሁ አስኬዳቸዋለሁ፤ ይወጣል የተባለው መልስ ካልወጣ ያዝሁት ማለት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ጸሐፊ ነበርሁ፤ መጀመሪያ በታይፕ፣ በኋላ ታይፑን ሲወስዱብኝ በኮምፒዩተር፤ ስህተት ካየሁ እጄን ይበላኛል። አርሜ ስልከው፣ “ለውጡ ለምን አስፈለገ?” የሚል ሣጥን ይመጣል፤ እኔ ሁልጊዜ “ትንሽ እርማት” ብዬ እሞላዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ወይም በማግሥቱ ከስንቅነሽ አንዲት ቃል ትመጣለች፦ “ተቀብያለሁ።” በቃ። እውነቱን ልናገርና፣ አራት ስህተት ባገኝ አራቱን አልክም። አንዱን ልኬ ሦስቱን ለነገ፣ ለተነገ ወዲያ አስቀምጣቸዋለሁ። አራቱን ባንዴ ብልክ አንድ “ተቀብያለሁ” ብቻ ነው የማገኘው። በስልክማ “ኻሊ ደኅና ነህ? መድኃኒትህን ወሰድህ? ኸላስ በቃ፣ ኔትወርኩ ሊቋረጥ ነው” ትላለች፣ ያልቃል። ኻሊ ማለት በዐረብኛ የእናቴ ወንድም ማለት ነው፤ ሱዳን ያደገች ልጅ ናትና ከዚህ ሌላ መጠሪያ የለኝም።

ያን ማክሰኞ ታዲያ ስለ ጾም የሚያወራው ገጽ ላይ ደርሼ ነበር። “ቀኑ ጾም ከሆነ መልሱ ‘አዎ’ ይሆናል። በዚህ ቀን ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል አይበላም” ይላል። እዚያው ላይ ያበቃል። ምሳሌው ይሠራል፤ ቅንፉ ተዘግቷል፤ አንድም የሚነቀፍ የለውም። ሽታው ግን በመስኮት እየገባ ነበርና እጄ ቁልፉ ላይ ቀረ። ከግርጌ አንዲት መስመር ጎድላለች። ይቺ መስመር ከዚህ በፊትም ጎድላ አይቻታለሁ። ያኔም አንድም የሚነቀፍ የሌለው ገጽ ነበር።

የራቡ ዘመን ነው። እኔ ራቡ ሳይመጣ አስቀድሜ ነበር የተሻገርሁ፣ ለሰሊጥ ቆረጣ መጥቼ በዚያው የቀረሁ የጎንደር ልጅ። ገዳሪፍ ያኔ እንዲህ አልተንዛዛችም ነበር። ትልቁ የእህል ጎተራ፣ ሶመዓ የሚሉት፣ ከየትም ብትቆሙ ይታያችኋል፤ በመተማ በኩል በእግሩ የሚመጣው ሰው ሁሉ እሱን ከሩቅ እያየ ነው የሚራመደው። አንድ ሙሉ ጎተራ እያዩ እየተራቡ መምጣት፣ እንግዲህ አስቡት። ሻይ በዐሥር ቂርሽ ነበር፤ ባለሻይዋ ሱዳናዊት ስኳሩን ሳትቆጥብ ግማሽ ብርጭቆ ትሞላለች። ፉል በሰሊጥ ዘይት ሃያ አምስት ቂርሽ፣ ዳቦው በነፃ። በዚያ ዓመት አንገቱ ሰፊ የሆነ የናይሎን ሸሚዝ ፋሽን ነበር፤ የኔው ቢጫ ነበር፤ በዚያ ሙቀት ከጀርባዬ ላይ እየተጣበቀ እንኳ አላወልቀውም ነበር። ከሎሪ መቆሚያው ማዶ ካሴት የሚሸጥ ሰው ቀኑን ሙሉ አንዱን ዘፈን ይደጋግመዋል፤ ቃሉ ሳይገባኝ ዜማውን በቃሌ ያዝሁት። አሁን ያ ማዕዘን የስልክ ካርድ መሸጫ ሆኗል። ባለፈው ወር በዚያ ሳልፍ ዜማውን ላፏጭ ብዬ ከንፈሬ እሺ አላለኝም፤ ጥርስ ሲጎድል ፉጨትም ይሄዳል።

ጎንደር ታይፕ ተምሬ ነበርና ከከተማ ወጣ ብሎ በተተከለው የስደተኞች ሰፈር ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርሁ። ድንኳን ውስጥ አንድ የአማርኛ ታይፕ፣ አንድ በእጅ የሚዞር ማባዣ መኪና፣ አንድ ሙዲር አለ፤ ሙዲሩ አለቃችን ነው፣ ደግ የገዳሪፍ ሰው። የማባዣው ወረቀት ስቴንስል ይባላል፤ በሰም የተለበጠ ነው፤ ፊደሉ ሰሙን እየበሳ ይወጣል። ከተሳሳትህ ቀይ ፈሳሽ ቀብተህ፣ እፍ ብለህ አድርቀህ፣ ደግመህ ትመታለህ። እኔ ቀዩን ፈሳሽ ሳልነካ ገጽ በመጨረስ የምኮራ ሰው ነበርሁ። አንድ ቀን ነርሶቹ ስለ ዱቄት ወተቱ የተጻፈ መመሪያ አመጡልኝ፤ ለሚያጠቡ እናቶችና ለደከሙ ሰዎች ስለሚታደለው፣ ዘይትና ስኳር ስለሚገባበት። ወደ አማርኛ መለስሁት። እጃችሁን ታጠቡ፤ ውሃውን አፍሉ፤ በቀን ሦስት ጊዜ ይጠጣ፤ ሙሉው ይጠጣ፤ የተረፈ አይደር። ከላይ እስከ ታች ልክክ ብሎ ገባልኝ። የመጨረሻዋ መስመር ከግርጌው ጠርዝ ላይ ነው ያረፈችው፤ በቀይ ፈሳሽ የተነካ አንድም ፊደል የለበትም። ከማሽኑ ሳወጣው ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት እንደቀረው ትዝ አለኝ።

ትዝ አለኝ። ይኼን አልክድም። እነዚህ ሰዎች በጾም ወተት በአፋቸው አያዞሩም፣ የታመመና የሚያጠባ ተፈቅዶለታል የምትል አንዲት መስመር ትጨመር ብዬ አሰብሁ። ግን መስመሯ የምትገባበት ቦታ የለም፤ ገጹን እንደ አዲስ መምታት ሊኖርብኝ ነው፤ ስቴንስሉም በቁጥር ነው የሚሰጠን። ሙዲሩን ብጠይቀው እሺ ይለኝ ነበር። አልጠየቅሁም። የታመመ እንደማይጾም የማያውቅ የለም አልሁና ራሴን አሳመንሁት። ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው፤ ገጹ አምሮልኝ ነበር።

ጾሙ በገባ በሳምንቱ እህቴ ይርገዱ መጣች። ታላቄ ናት፤ እታለም ነው የምላት። ባሏን መንገድ ላይ ቀብራ፣ ስንቅነሽን የስድስት ወር ሕፃን በጀርባዋ አዝላ። አላወቅኋትም ነበር፤ ድምጿን ስሰማ ነው ያወቅኋት። “ይኼ ቢጫ ሸሚዝ ደግሞ ከየት የመጣ ነው? አደይ አበባ መሰልህ እኮ” አለችኝ። ከዚያ ሁሉ ነገር በኋላ መጀመሪያ የተናገረችው ይኼን ነው። ወተት ሲታደላት ወረቀቱም አብሮ ተሰጣት። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ቆጥራ ነበርና ጣቷን እያስከተለች አነበበችው። ወንድሜ የጻፈው ነው እያለች ለጎረቤት ሁሉ አሳየች፤ ከዚያ አጥፋ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

በየቀኑ ጠጣሽ ወይ እላታለሁ፤ ጠጣሁ ትለኛለች። እየከሳች ሄደች። ከጎኗ የተጠለለች አንዲት የትግራይ ሴት ነች በመጨረሻ የነገረችኝ። “ሓወይ፣ እህትህ እኮ ወተቱን አትቀምሰውም፤ ለሕፃኗ በማንኪያ ታጠጣለች፣ የቀረውን ለልጆቹ ታድላለች” አለችኝ። እየሮጥሁ ሄድሁ።

“እታለም፣ የታመመ ሰው አይጾምም” አልኋት።

“ማን አለ?”

“እኔ እልሻለሁ።”

“አንተ ደግሞ መቼ ቀሰስህ?” ብላ ፈገግ አለች። “የንስሐ አባቴ ካልፈቱኝ እንዴት ብዬ እገድፋለሁ? እሳቸው ደግሞ አገር ቤት ቀሩ። ባሌን ያለ ፍታት ቀበርሁ፣ ቤቴን ጥዬ መጣሁ። ጾሜን ደግሞ ልጣል?”

“እግዜር ያውቅልሻል።”

“እግዜርማ ያውቃል። ወረቀትህን ግን አንብቤዋለሁ።” የነጠላዋን ቋጠሮ ፈታች። “እጅ ታጠቡ ይላል፤ ውሃ አፍሉ ይላል፤ የተረፈውን አታሳድሩ ይላል። እንዲህ ሁሉን ነገር የዘረዘረ ሰው ጾሙ ተፈቅዶ ቢሆን እሷን ይረሳል?”

ወደ ድንኳኔ ተመልሼ ከተባዙት አንድ ንጹሕ ቅጂ አወጣሁ፤ ከግርጌው ባለው ጠባብ ክፍት ላይ መስመሯን በእስክርቢቶ አጨናንቄ ጻፍሁና ወሰድሁላት፤ ከበላይ የመጣ ነው አልኋት። አነበበችው። “ይኼ ያንተ እጅ ነው” አለችኝ። “ከልጅነትህ ጀምሮ የማውቀው እጅ። ስለምትወደኝ ነው የጻፍኸው፣ አውቃለሁ። በወንድም ፍቅር ግን ጾም አይፈታም።” ወረቀቱን አጥፋ መለሰችልኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በሰፈሩ አንድ ቄስ ነበሩ፤ እሳቸውን ጾሙ ሳይገባ ቀብረናቸዋል። በመተማ መንገድ ባለችው በዶካ ከተማ ገበያ ላይ አንድ የጎንደር ቄስ ጆንያ ሲሸከሙ አይተናል የሚሉ ሠራተኞች ነበሩና እህቴን ወረቀቷን ለምኜ ይዤ ሐሙስ ጧት ሎሪ ላይ ወጣሁ። ዶካ ስደርስ ቀትር ሆኗል። ከእህል መጋዘኑ ፊት የተሰለፉትን ሸካሚዎች አንድ በአንድ አየሁ። ሻሽ ያልጠመጠመ፣ በላብ የታጠበ፣ ጢሙ ላይ የማሽላ ገለባ የተሰገሰገበት ሽማግሌ ነው ቄስ ታረቀኝ የተባሉት።

“አባ፣ ቄስ ነዎት?”

“አይደለሁም” አሉኝ፤ ጆንያውን እንኳ ሳያወርዱ። “ቄስ የሚቀድስ ነው። እኔ የምሸከም ነኝ።”

ስለ እህቴ ነገርኋቸው። ጆንያውን አወረዱት። ከበርሜሉ ውሃ ቀድተው እጃቸውን ታጠቡ፤ ፊታቸውንም ታጠቡ። ወረቀቱን ተቀብለው ከላይ እስከ ታች አነበቡትና፣ “ሕፃኗ ስንት ወሯ ነው?” አሉኝ። ስድስት አልሁ። “ይኼን የጻፈ ሰው ጾም መሆኑን አያውቅም ነበር?” ሲሉኝ ያውቅ ነበር አልሁ። ማን እንደሆነ አልጠየቁኝም። የሚያዩኝ ዓይናቸው ግን አውቆታል። ወረቀቱን ጆንያው ላይ ዘርግተው፣ በጀርባው ባለው ባዶ ላይ፣ በዚያ ወፍራም የቤተ ክህነት እጅ ጽሕፈታቸው ጻፉ፤ ስማቸውን አኖሩ፤ መስቀል አደረጉበት። “ቶሎ አድርስላት። ከዚያ ለእሷ ብቻ እንዳትተዋት፣ ለሁሉም አባዛት። እኔም የያዝሁትን ሥራ ጨርሼ ሰኞ እመጣለሁ” አሉኝ።

ቶሎ ማድረስ ቀላል ነው? ዐርብ ቀኑን ሙሉ ናፍጣ የለም ተብሎ ሎሪዎቹ ተደርድረው ዋሉ። ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄድሁ ሾፌሮቹን ለመንሁ። “ማሌሽ፣ ነገ ኢንሻላህ” እያሉ ይቅርታ ይጠይቁኛል፤ ምን ያድርጉ። ቢጫ ሸሚዜን ላንዱ ልስጥህ ብዬው ሳቀብኝ። ዛሬ ገዳሪፍ ነዳጅ በጠፋ ቁጥር፣ እሱም ብዙ ጊዜ ነው፣ የተደረደሩ መኪኖች ሳይ መንገድ ቀይሬ አልፋለሁ።

ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ደረስሁ። ሕፃኗን የትግራይዋ ሴት ይዛታለች። እታለም ተኝታለች፤ ዓይኖቿ ግን የድሮዎቹ ዓይኖቿ ነበሩ። ወረቀቱን ሰጠኋት። ጣቷን እያስከተለች አነበበች። ደገመችው። ሠለሰችው። “ይኼስ የቄስ እጅ ነው” አለች። ቀና አድርጉኝ አለች፤ ኩባያውን በሁለት እጇ ያዘችው፤ አማተበች፤ ሁለት ጉንጭ ጠጣች። ሦስተኛውን ሆዷ አልተቀበለውም። ነርሷ መጣች፣ ያደረገችውን አደረገች። እታለም እሑድ ማታ አረፈች። ቄስ ታረቀኝ እንዳሉት ሰኞ መጡ፤ ሻሽ ጠምጥመው። የመጡት ለፍታት ሆነ።

በዚያው ሳምንት ስቴንስሉን እንደ አዲስ መታሁት። ሌላውን አጠጋግቼ ለመስመሯ ቦታ አወጣሁላት፤ ለካ ይቻል ነበር። ቄሱም ከድንኳን ድንኳን እየዞሩ አነበቡላቸው። ብዙዎቹ ጠጡ። ሲጠጡ አየኋቸው። ደስ አለኝ ብል እዋሻለሁ፤ እያንዳንዷን እናት ኩባያ ይዛ ባየሁ ቁጥር ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ከሦስት ሳምንት በፊት እያልሁ እቆጥር ነበር።

ስንቅነሽን አሳደግኋት። ሚስት አላገባሁም፤ የምትመጣዋ ሚስት ልጄን ታስከፋብኛለች እል ነበር፤ እንጃ፣ ለሌላ ሰው የምገባም አይመስለኝም ነበር። እናቴ እንዴት ሞተች ስትለኝ በራብ፣ በበሽታ እላታለሁ። ሐሰት አይደለም። እንደዚያ ገጽ ነው፤ የጎደለው እንጂ የተሳሳተ የለበትም። አደገች፣ ካርቱም ተማረች፣ ካምፓላ ገባች። እኔ እዚህ ከወተቱ ሱቅ ጀርባ ቀረሁ።

ታዲያ ያን ማክሰኞ መስመሯን ጨመርኋት። “ይህ ስሌት ቀኑን ያውቃል እንጂ ሰውየውን አያውቅም። ለታመመ፣ ለምታጠባ፣ በስደት ላለ ተፈቅዷል” ብዬ። ሣጥኑ መጣ፤ ለውጡ ለምን አስፈለገ? “ትንሽ እርማት” ብዬ ጻፍሁ። አጠፋሁት። ከዚያ ባትሪው ሊያልቅ ሲያስጠነቅቀኝ እያየሁ፣ ለእናንተ የነገርኋችሁን ሁሉ፣ ስለ ገጹ ማማር ሳይቀር፣ እዚያች ሣጥን ውስጥ ጻፍሁት። ላክሁት። ማሽኑ ጠፋ።

ረቡዕ አልመለሰችም። ሐሙስም አልመለሰችም። ማረም ከጀመርሁ ወዲህ መልሷ ከማግሥቱ ያለፈበት ጊዜ አልነበረም፤ አንዲቷንም ቃል አጣኋት አልሁ። ለሌላ ቀን ያስቀመጥኋቸው ሌሎች ሦስት ስህተቶች ነበሩኝ፤ እነሱን ልላክ ብዬ አፈርሁ። ዐርብ ከምሳ በኋላ ስልኩ ጮኸ።

“ኻሊ” አለች። ስለ መድኃኒቴ አልጠየቀችኝም። “ወረቀቱ አለ?”

“አለ።”

“የቄሱን አንብብልኝ። እሳቸው እንደጻፉት።”

ከመጽሐፍ ቅዱሱ መካከል አወጣሁት። በእጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ደርሷል። መነጽሬን አደረግሁና አነበብሁላት፤ “ልጄ ሆይ፣ የታመምሽ ነሽ፣ የምታጠቢ ነሽ፣ የተሰደድሽ ነሽ፤ ተፈትተሻል፣ ጠጪ። ኃጢአት ከሆነ በእኔ ይሁን። ቄስ ታረቀኝ።”

“ሁለት ጉንጭ ነው ያልኸኝ?”

“ሁለት ጉንጭ።”

ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ ላነሳው ስል ትንፋሿን ሰማሁ። ጥፋቴን ልደግምላት፣ ይቅርታ ልላት አፌን ከፈትሁ፤ ቀደመችኝ።

“ተቀብያለሁ” አለች፤ በድምጿ።